ከፍ ዝቅ የሚለው ሞተር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ ሞተር ነገር ነው። ጦር አይመዘዝበትም፣ ንጉሥ አይነግሥበትም፤ ነገር ግን የተሸሸገ ምክንያት እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ያሳያልና ሳትሰለቹ አድምጡኝ።

አገሩ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ሲሉ፣ ሕንፃው እየሳሳ ዛፉ እየበዛ በሚሄድበት በኩል፣ የኛ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የገዙት አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ምእመናኑ ለዓመታት በኪራይ አዳራሽ ያስቀደሱ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው የሚወጡ ሰዎች ነበሩ። የራሳቸው ግቢ ሲኖራቸው ደስታቸው ወሰን አጣ። ግቢው ታዲያ ሰፊ ነው፤ ከአጥር እስከ አጥር ሣር ነው።

የሜሪላንድ ሣር በሚያዝያና በግንቦት ጉልበቱ አይጣል! ፌስኪው የሚሉት ዝርያ ብርድ አይፈራም፤ የጸደይ ዝናብ ሲያገኘው ዛሬ ቢታጨድ በሳምንቱ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል። በብዙ የአሜሪካ ካውንቲዎችና ከተሞች ደግሞ ሣሩ ከተወሰነ ቁመት ካለፈ ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ ችላ ካለም ይቀጣል። ከቅጣቱ በላይ ግን ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር ነበር፤ ግንቦት ልደታ እየደረሰች ነው። ልደታ መቼም ቤት ተዘግቶ አትከበርም። ደጅ ተወጥቶ፣ ንፍሮው ተዘርግፎ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ሣር ላይ ተቀምጦ ነው የምትከበረው። የግቢው እናቶች ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ሣር ላይ ሊያከብሯት ቆርጠው ተነስተዋል።

ማጨጃው ደግሞ ታሟል።

ማጨጃው ሰው ተቀምጦበት የሚነዳው፣ ባለ አራት ጎማ፣ ትንሽ ትራክተር የሚመስለው ዓይነት ነው። ከሆዱ ሥር ስለቶች ይሽከረከራሉ። ኮፈኑን ከፍ ሲያደርጉት ባለ አንድ ፒስቶን፣ ይዘቱ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ የቤንዚን ሞተር ይታያል። የሚነዳው በኮምፒውተር ጥገና የሚተዳደር አንድ ቅን ወጣት ነው። ሰኞ እስከ ዓርብ ሥራውን ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢውን ያጭዳል።

የሕመሙ ነገር እንዲህ ነው። ሞተሩ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ግን አንድ ቦታ አይረጋም፤ ድምፁ ከፍ ይላል፣ መልሶ ይወርዳል፣ ሊጠፋ ነው ሲባል እንደገና ይጮኻል። ግማሽ ሰዓት ያህል ካጨደ በኋላ ደግሞ ጨርሶ ይቆማል። ትንሽ አረፍ ብለው ሲመለሱ ምንም እንዳልነካው ይነሳል።

ይህን ጊዜ ሁሉም መካኒክ ሆነ። አንዱ ካንዴላ ነው አለ፤ ወጣቱ ካንዴላ ቀየረ። ሌላው የቤንዚኑ ፊልትሮ ነው አለ፤ እሱም ተቀየረ። ባትሪ ነው ያለም ነበር፤ አዲስ ባትሪ ተገዛ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ሞተሩ ግን ከፍ ዝቅ ማለቱን አልተወም። አንዱ ቀረብ ብሎ፣ «መቀመጫው ሥር ያለው ስዊች ነው የሚያጠፋው፤ ሽቦውን ቁረጥና እርስ በርሱ አገናኘው» ሲል መከረ። አንዱ ደግሞ፣ «ይህ አርጅቷል፤ ተጥሎ አዲስ ይገዛ» አለ። አዲሱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ገንዘቡም የልጆቹን የአማርኛ መማሪያ ክፍል ለማደስ የተጠራቀመው ነው። እንግዲህ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደነበር አያችሁልኝ?

በዚህ መሐል ነው ጋሼ የመጡት። ጋሼ ብለን ነው ሁላችንም የምንጠራቸው። በወጣትነታቸው በአዋሽ ሸለቆ በጥጥ እርሻ ላይ የውሃ ፓምፕ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚያ በረሃ ፓምፕ ሲቆም ጥጡ ይጠወልጋል፤ መለዋወጫ ደግሞ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆያል። ስለዚህ ያኔ የተማሩት ሙያ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ከመግዛታቸው በፊት ማወቅን ነው። እኔ በዚያ ቀን የእጅ ባትሪ ያዥ ነበርሁ፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ወጣቱ ቤንዚንና አየር የሚያዋህደውን ካርቡራተር ሊፈታ መፍቻ ይዞ ተንበርክኳል። ጋሼ ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ ምን ልትጠይቀው ነው?»

«ማንን ጋሼ?»

«ሞተሩን ነዋ። ካርቡራተሩን ስትፈታ ልታውቅ የፈለግኸው ነገር ምንድን ነው?»

ወጣቱ ዝም አለ።

«እንግዲያው መፍቻውን አስቀምጥና ተነስ። መጀመሪያ አንተን ልጠይቅህ» አሉት።

ጥያቄያቸውን አንድ በአንድ ነው የጠየቁት። ሳይሞቅ እንዴት ነው የሚነሳው? አየር የሚቀንሰው አርያ ተስቦ ነው፣ ያኔ ደህና ነው። አርያው ሲመለስስ? መዋዠቅ የሚጀምረው ያኔ ነው። ስለቱ ገብቶ ሣሩን ሲቆርጥስ? ወጣቱ ጥቂት አሰበና፣ «አሁን ሲጠይቁኝ ነው ልብ ያልኩት፤ ሲጫን ረጋ ይላል ጋሼ» አለ። ቆይቶ ሲቆም በአንዴ ድርግም ይላል ወይስ እየደከመ ነው? እየደከመ፣ እየተንገዳገደ ነው። ባለፈው ጥቅምት ሲቆም ቤንዚኑ ፈስሷል? አልፈሰሰም፤ እንዳለ ክረምቱን ከርሟል።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ አንድ በሽታ አይደለም፤ ሁለት ነው። አንደኛው ገና ሲነሳ አብሮት አለ፤ ሁለተኛው ሲቆይ ነው የሚመጣበት። ሁለቱን ባንዴ ከጠየቅናቸው መልሱ ይደባለቅብናል። በየተራ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የትረካዬ ልብ ይኸው ነውና። ያ ሁሉ ዕቃ የተቀየረው ጥያቄ ሳይኖር ነው። ካንዴላው ሲቀየር ማንም «ካንዴላው ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር?» ብሎ አልጠየቀም። ሞተር አይዋሽም፤ የሚያሰማው ድምፅ፣ የሚቆምበት ሰዓት፣ የሚያወጣው ጭስ ሁሉ ምስክርነት ነው። ምስክርን ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጋሼ ማጨጃው ከመጋዘኑ ወደ ሜዳ እንዲገፋ አደረጉ። የሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ሽታ የሌለው፣ ቤት ውስጥ ከታፈነ ሰው የሚገድል አየር ነው። ቀጥሎ የካንዴላው ሽቦ ተነቀለ። ሽቦው ሳይነቀል ከስለቱ አጠገብ እጅ መስደድ አይገባም፤ ስለቱ በእጅ ሲዞር ሞተሩን ሊያዞረው ይችላልና።

ከዚያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘዙና አሸተቱት። «ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ አታስነሳውም» አሉ። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትዘጋው ትንሽ መርፌ ካልገጠመች፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቤንዚኑ እየተንጠባጠበ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ መጠኑ ይጨምራል፤ ብረት ከብረት ጋር መፋጨት ይጀምራል። የኛው ዘይት ግን ደህና ነበር፤ መጠኑም ልኩ ላይ ነው።

«ሞተር የሚፈልገው አራት ነገር ነው» አሉ ጋሼ ጣታቸውን እያጠፉ። «አየር፣ ቤንዚን፣ እሳት፣ እመቃ። አራቱ በልካቸውና በሰዓታቸው ከተገናኙ አለመሥራት አይችልም።»

እመቃው ብዙ አላስጨነቃቸውም። ሞተሩ በቀላሉ ይነሳል፣ ሣር ሲቆርጥም ጉልበት አያንሰውም፤ ቫልቮቹና ፒስቶኑ እየያዙ ነው ማለት ነው። ለአየሩ ማጣሪያውን አውጥተው ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብርሃን ያሳልፋል። ከላይ ያለው የማራገቢያ ክዳን ሲነሳ ግን ከሥሩ የደረቀ ሣርና የአይጥ ጎጆ ተገኘ። ክረምቱን አንዲት አይጥ ቤት ሠርታበት ኖራለች። ሲሊንደሩን የሚያቀዘቅዙት የአሉሚኒየም ክንፎች ተደፍነዋል። ጋሼ በብሩሽ ጠረጉት። «ይህ የዛሬውን ከፍ ዝቅ አያመጣም፤ ግን ከተተወ ሞተሩን በሙቀት ያቃጥለዋል» አሉ።

ለእሳቱ ምን እንደጠየቁ ታውቃላችሁ? «የጣልከው አሮጌ ካንዴላ የት አለ?» ብለው ነው። ወጣቱ ከዕቃ ሣጥን ሥር ፈልጎ አመጣው። ጋሼ ጫፉን ወደ ፀሐይ አዞሩት። ነጭ ነው። አያችሁ፣ ካንዴላ በእሳቱ መካከል የሚኖር ምስክር ነው። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ልክ ነው። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል። ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ አንሷል፣ ወይም አየሩ በዝቷል። አዲሱ ካንዴላ ገና ምንም አላየም፤ ክረምትና በጋውን ያየው አሮጌው ነው። መልሱ ገና ሲፈታ በወጣቱ እጅ ላይ ነበር ማለት ነው።

አሁን የካንዴላው ሽቦ ተመለሰ፤ ጋሼም ወጣቱን ሞተሩን እንዲያስነሳው አዘዙት። ተነሳ፤ ከፍ ዝቅ ማለቱንም ጀመረ። «አርያውን ግማሽ ድረስ ሳበው» አሉ። ሳበው። እናንተዬ፣ ያ ሲዋዥቅ የከረመ ሞተር በአንድ ድምፅ ረጋ! መለሰው፤ እንደገና መዋዠቅ ጀመረ። ሳበው፤ ረጋ።

አርያ ሲሳብ አየር ይቀንሳል፣ የቤንዚኑ ድርሻ ይጨምራል። አየር ሲቀነስለት የሚድን ሞተር ቤንዚን ያነሰው ሞተር ነው። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ያስፈልጋል፤ ቤንዚኑ ከዚያ በጣም ካነሰ እሳቱ ይሳሳል፣ ይስታል። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 3,600 ጊዜ ይዞራል። በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተኩስ በሰከንድ 30 ጊዜ እሳት ይነድበታል ማለት ነው። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ሲስቱ ነው ድምፁ የሚወርደው።

ድምፁ ለምን መልሶ ከፍ ይላል ትሉኝ ይሆናል። ይህ ደስ የሚል ምሥጢር አለው። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ጎቨርነር የሚባል የፍጥነት ጠባቂ አለ። ሞተሩ ሲፈጥን በውስጡ ያሉት ክብደቶች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ በዘንግና በስፕሪንግ አማካይነት የአየሩን መግቢያ ይዘጉታል። ሲዘገይ ደግሞ ስፕሪንጉ መልሶ ይከፍተዋል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ጄምስ ዋት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1788 በእንፋሎት ሞተሩ ላይ የሚሽከረከሩ ኳሶች ያሉት ጎቨርነር ገጠመ። ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ መሐንዲሶችን አንድ ነገር አስቸገራቸው፤ አንዳንዱ ጎቨርነር ፍጥነቱን ከማርጋት ይልቅ ራሱ ያዋዥቀዋል። በ1868 ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ስለ ጎቨርነሮች አንድ ጥናት አወጣ፤ መዋዠቁ መቼ እየከሰመ እንደሚሄድና መቼ እየባሰ እንደሚሄድ በሒሳብ አሳየ። ዛሬ የቁጥጥር ሳይንስ የሚባለው ትምህርት ከመሠረቶቹ አንዱ አድርጎ የሚያነሳው ያንን ጥናት ነው።

በኛ ግቢ የሆነውም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ካርቡራተር ቤንዚን የሚሰጥበት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ጭነት ሳይኖር፣ የአየሩ መግቢያ መዝጊያ ጠበብ ባለ ጊዜ የሚመግበው ጠባቡ መንገድ ነው። ሌላው ጭነት ሲመጣ፣ መዝጊያው ሲከፈት የሚመግበው ዋናው መንገድ ነው። ጠባቡ መንገድ ሲደፈን ባዶውን የሚሠራው ሞተር ቤንዚን ያጣና ይደክማል። ጎቨርነሩ መድከሙን አይቶ መዝጊያውን ይከፍታል፤ ዋናው መንገድ ቤንዚን ይለቃል፤ ሞተሩ ይጮኻል። ጎቨርነሩ መፍጠኑን አይቶ ይዘጋል፤ ሞተሩ እንደገና ወደ ደረቀው መንገድ ይመለሳል። ጎቨርነሩ ሥራውን በታማኝነት እየሠራ ነው። ስለቱ ገብቶ ሣር ሲቆርጥ የሚረጋውም ለዚህ ነው፤ ያኔ የሚጠጣው ከዋናው መንገድ ነውና። ነገሩ ተገልብጦ ባዶውን ደህና ሆኖ ሲጫን የሚደክም ቢሆን ኖሮ፣ ጋሼ ዋናውን መንገድ ወይም ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ነበር የሚጠረጥሩት።

«አሁን መፍቻውን አንሳ። ምን ልትፈልግ ነው?» አሉት።

«ጠባቡን መንገድ ጋሼ። የተደፈነውን።»

«በል ፍታው።»

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ባትሪው ተነቀለ፣ የቤንዚኑ ቱቦ ታፈነ፣ ሁላችንም መነጽር አደረግን። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ኩባያ ተፈታች። ቤንዚኑ በመስታወት ዕቃ ሲቀዳ ከታች ውሃ ተኝቶበታል፤ በኩባያይቱ ግድግዳ ላይ ሙጫ የመሰለ ቡናማ ነገር ተጣብቋል።

ይህ ከየት መጣ? በአሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ይቀላቀልበታል። ኤታኖል ውሃ ይወዳል፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። የሳበው ውሃ ሲበዛ ከኤታኖሉ ጋር ሆኖ ከቤንዚኑ ይለይና ወደ ታች ይዘቅጣል። የቀረው ቤንዚን ደግሞ ቀላል ቀላሉ ክፍሉ እየተነነ ወራት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ለዚህ ነው የትናንሽ ሞተር ሠሪዎች ከ10 በመቶ በላይ ኤታኖል ያለበትን ቤንዚን አትቅዱ የሚሉት፤ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነም ቤንዚኑን እንዳይበላሽ የሚጠብቅ መድኃኒት ጨምሩበት፣ ወይም አድርቁት የሚሉት። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የቆመ ቤንዚን የሚሠራውን ሥራ እዚያች ኩባያ ውስጥ አየነው።

ጠባቡን መንገድ የምትመግበው ትንሽ የነሐስ ብሎን ወጣች። በመካከሏ ያለው ቀዳዳ ፀጉር ቢገባበት ነው። ጋሼ ወደ ፀሐይ አነሷት፤ ብርሃን የለም። ለወጣቱ ሰጡት፤ እሱም አየ። ለእኔም ሰጡኝ፤ አየሁ። የዚያን ሁሉ ጭቅጭቅ ምክንያት ሦስታችንም በዓይናችን አየነው።

ወጣቱ የብረት ሽቦ ሊያስገባባት ሲል ጋሼ ከለከሉት። ብረት ነሐሱን ይፍቀዋል፤ ቀዳዳው ጥቂት ከሰፋ የቤንዚኑ ልክ ለዘለቄታው ይዛባል። በማጽጃ ፈሳሽ ነክረው አቆዩአት።

እሷ በምትነከርበት ጊዜ የሣር ማጨጃን አመጣጥ ላጫውታችሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1830 በእንግሊዝ አገር፣ ግሎስተርሽር ውስጥ ስትራውድ አጠገብ ትረፕ በምትባል መንደር፣ ኤድዊን በዲንግ የሚባል ብልህ ሠራተኛ ነበር። አካባቢው የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ የበዛበት ነበር። በፋብሪካዎቹ ውስጥ የጨርቁን ፊት ያጎፈረውን ፀጉር በሚሽከረከር ስለት እኩል አድርጎ የሚቆርጥ ማሽን ነበር። በዲንግ ያን አየና ይህ ስለት ሣርስ ለምን አይቆርጥም አለ። ከጆን ፌራቢ ጋር ሆኖ ሠራው፤ በዚያው ዓመት የፈጠራ ባለቤትነት አገኘበት። ከመጀመሪያዎቹ ማጨጃዎች አንዱ በለንደን ሪጀንትስ ፓርክ በሚገኘው የእንስሳት ማቆያ ሠርቷል። ከዚያ በፊት ሰፊ መስክ የሚታጨደው በማጭድና በረጅም እጀታ ስለት ነበር። ሞተሩ ግን ቆይቶ ነው የመጣው፤ በጀርመን ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 በአራት ምት የሚሠራውን ሞተር አሳካ፤ በ1902 ደግሞ ራንሰምስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በቤንዚን የሚሠራ ማጨጃ ለገበያ አቀረበ። በአሜሪካ በ1908 በሚልዋኪ የተመሠረተው ብሪግስ ኤንድ ስትራተን በ1953 ክብደቱ የቀለለ የአሉሚኒየም ሞተር አወጣ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየከተማው ዳርቻ ሣር ያለው ቤት በሚበዛበት ጊዜ ማለት ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የጨርቅ ማሽኑ ሐሳብ ሜሪላንድ፣ የኛ ግቢ የደረሰው።

ወደ ሞተራችን እንመለስ። የነሐሷ ብሎን በፈሳሽና በታመቀ አየር ጸዳች፤ አሁን ወደ ፀሐይ ስትያዝ የብርሃን ነጥብ ታሳያለች። የኩባያዋ ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ አሮጌው ቤንዚን ከታንከሩ ተቀድቶ ወደ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ቦታ እንዲወሰድ ለብቻው ተቀመጠ፣ አዲስ ቤንዚን ገባ፣ ባትሪውም ተመለሰ። ወጣቱ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ፤ አርያው ሲመለስም ድምፁ አልወረደም። ቀጥ ብሎ ሠራ።

ከቆሙት መካከል አንዱ አጨበጨበ። ጋሼ ግን እጃቸውን አነሱ። «ሁለተኛው በሽታ አልተጠየቀም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ማጨጃው ሣሩን ይቆርጥ ጀመር፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ደከመ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ።

አሁን ልብ አድርጉ። ሲሞቅ ቆሞ ሲያርፍ የሚነሳ ሞተር ሁለት ዋና ዋና ተጠርጣሪዎች አሉት። አንዱ እሳት የሚያመነጨው ቦቢና ነው፤ በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ሊለያይ፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ሊገናኝ ይችላል። ሌላው የቤንዚኑ መታጠር ነው። ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለዩት ሞተሩ በቆመባት በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው፤ ካረፈ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው ጋሼ ብልጭታ የምታሳየዋን ትንሽ መሞከሪያ መብራት አስቀድመው ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ከማጨጃው ጎን የሄዱት። እንደቆመ በካንዴላውና በሽቦው መካከል ገጠሟት፤ ወጣቱ ቁልፉን አዞረ። መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለች። እሳት አለ። ቦቢናው ነጻ ወጣ።

«እንግዲህ የታንከሩን ክዳን ቀስ ብለህ አላላው» አሉት።

አላላው። «ፍስስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ገባ። ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? የሞላ ጀሪካን ዘቅዝቃችሁ ውሃ ስትቀዱ አየር የሚገባበት ካጣ እየተቆራረጠ እምቢ አይላችሁም? ታንከሩም ያው ነው። ቤንዚን በወጣ መጠን በቦታው አየር መግባት አለበት፤ አየሩ የሚገባው በክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ መተንፈሻ ነው። የኛዋ በአቧራና በሣር ብናኝ ተደፍናለች። ሞተሩ ከታንከሩ በሚጠጣ ጊዜ በውስጡ የአየር እጥረት ይፈጠራል፤ ግማሽ ሰዓት ሲሆን ያ እጥረት ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሞተሩ ሲያርፍ አየሩ ቀስ ብሎ ሰርጎ ይገባና ነገሩ ይረሳል።

ጋሼ ግን በአንድ መልስ አልረኩም። ክዳኑ እንደገና ይጥበቅ አሉ፤ ሞተሩ ቆይቶ ደከመ። ይላላ አሉ፤ በረታ። ምክንያቱን ሲያነሱት በሽታው የሚሄድ፣ ሲመልሱት በሽታው የሚመለስ ከሆነ ያኔ ምክንያቱ ተገኝቷል። ክዳኑ ላልቶ እንዲሠራ ግን አንዲት ደቂቃ አልፈቀዱም፤ በጉድባ ላይ ሲዘል ቤንዚን ቢረጭና የጋለው ማርሚታ ላይ ቢያርፍ እሳት ነው። አዲስ ክዳን ተገዛ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ያ ሽቦው ይቆረጥ የተባለው የመቀመጫ ስዊች። ጋሼ ወጣቱን ሰው በሌለበት ሜዳ ማጨጃው ላይ አስቀመጡትና ስለቱን አስገብቶ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ እንዲል ነገሩት። ብድግ ሲል ሞተሩ ድርግም አለ። «ይህ ስዊች ደህና ነው፤ ሥራውንም ያውቃል» አሉ። «ሰው ከወደቀ ወይም ማሽኑ ከተገለበጠ ስለቱን የሚያቆመው እሱ ነው። ይህ ግቢ ሕፃናት የሚሮጡበት ነው። ተበላሽቶ ቢሆን እንኳ ይቀየራል እንጂ አይቆረጥም።» ያን ምክር የሰጠው ሰው በአጠገባችን ቆሞ ነበር፤ «እውነት ነው ጋሼ» ብሎ ተቀበለ።

ልደታ ስትደርስ ሣሩ ተከርክሞ ጠበቃት። እናቶች ንፍሯቸውን ዘረጉ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ አባ ባረኩ። ጋሼ ከመጡ በኋላ ለማጨጃው የወጣው ገንዘብ አንድ ክዳን፣ አንድ ጓርኒሲዮን፣ ማጽጃ ፈሳሽና አዲስ ቤንዚን ብቻ ነው። የተጠራቀመው ዶላር ወደታሰበለት ወደ ልጆቹ ክፍል ሄደ።

እኔ ግን ከተረፈው ገንዘብ በላይ የማደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ወጣቱ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈ። መቼ እንደሚጀምር፣ ሲሞቅ ወይስ ሲቀዘቅዝ፣ ሲጫን ወይስ ባዶውን፣ በድንገት ወይስ እየደከመ፤ ይህ ከላይ ተጽፏል። ከሥሩ አየር፣ ቤንዚን፣ እሳት፣ እመቃ። ከሥሩ ደግሞ፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ውጤቱን እይ፣ ጻፈው። በጥቅምት የመጨረሻው አጨዳ ሲያልቅ ቱቦው ተዘግቶ ሞተሩ ቤንዚኑን ጠጥቶ እስኪጨርስ እንዲሠራ፣ ታንከሩም እንዲደርቅ፣ ክንፎቹም ከሣር እንዲጠረጉ፤ ይህም አለ።

በኋላም ጋሼና ወጣቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ በዕድሜ ከፍ ከፍ ያሉትን ልጆች ይዘው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ይቀመጡ ጀመር፤ ወንዶቹም ሴቶቹም አሉበት። ጎረቤት ያልሠራለትን የበረዶ መጥረጊያ ያመጣል፣ ሌላው ጄኔሬተር ያመጣል። ልጆቹ እጃቸው ለመፍታት ይቸኩላል። መፍቻዎቹ ግን በጋሼ እግር ሥር ተደርድረው ይቆያሉ፤ አንድ ልጅ መፍቻ የሚሰጠው ሞተሩን ምን ሊጠይቀው እንዳሰበ በአፉ ሲናገር ነው።